የቤንዚን ትነት በላስታ ዳገት

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሞቶር ሲጽፍ ያየ አንባቢ «ይህስ ልጅ ድርሰቱን ትቶ ካንዴላ ሊፈታ ተነሣ» ሳይል አይቀርም። እውነቱን ነው። እኔም ከጥቂት ወራት በፊት የአውቶሞቢል ኮፈን ተከፍቶ ቢያሳዩኝ ውሃ ከሚጨመርበት ሥፍራ በቀር የማውቀው አልነበረም። ነገር ግን በገዛ ዓይኑ ያየና በገዛ አፍንጫው ያሸተተ ሰው፣ ፋኩልቲው ሌላ ስለ ሆነ ብቻ ዝም ሊል አይገባውም ብዬ አስባለሁ። የኤንጂነሪንግ ተማሪዎች የሆኑ ወንድሞችና እኅቶች በዚች ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ቢያገኙ በሚቀጥለው እትም ያርሙኝ፤ አልቀየምም።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው የልደት በዓል ነው። አጎቴ ከቆቦና ከወልድያ ሰው እየጫነ ወደ ላሊበላ የሚመላለስ አንድ አሮጌ የቤንዚን ሚኒባስ አለው። እኔና ላሊበላን ለማየት አብሮኝ የመጣ አንድ የኤንጂነሪንግ ተማሪ ከቆቦ በማለዳ ተሳፈርን። አጎቴ በዚያው ቤንዚን አስሞላ፤ «በዓል ነው፤ ላሊበላ ላይ ሰልፉ አያስደርስም» ብሎ፣ ቀጂው በቃ ካለ በኋላ እንኳ መኪናውን ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘ እስከ አፍ ገደፉ አስጨመረ። ይህን ማወዛወዝ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወልድያን አልፈን የድልብን ዳገት ስንያያዝ የቤንዚን ሽታ በመኪናው ውስጥ ተሰማ። መጀመሪያ ማንም አልተናገረም፤ ሽታው ለሁሉም የለመደ ነውና። ጋሸና ከመድረሳችን በፊት ግን ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ነጠላቸውን ባፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ ረዳቱም እንደ ልማዱ ፌስታል ማደል ጀመረ። ከአጠገቤ ያለችው ሴት የጥቂት ወራት ሕፃን ታቅፋ ነበር። እርስዋን ደጋግሞ አስመለሳት፤ ሕፃኑም ሲያለቅስ ቆይቶ ዝም አለ። ዝም ማለቱን እኛ እንደ እንቅልፍ ቈጠርነው። እናቱ ስትነቀንቀው ዓይኑን አልገልጥ ሲላት ግን ጮኸች፤ አጎቴም መኪናውን አቆመና ሁላችንም ወረድን። በደጋው ነፋስ ጥቂት ከቆየ በኋላ ሕፃኑ አለቀሰ፤ የዚያን ቀኑን ልቅሶ ያኽል ደስ ያለኝ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ምክንያቱንማ ተሳፋሪው ሁሉ ያውቃል። አንዱ «የመንገዱ ጥምዝምዝ ነው» አለ፤ ሌላው «ከቆላ ወጥቶ ደጋው አላስማማው ብሎ ነው» አለ፤ አንዲት አሮጊት «መጋኛ ነው፤ ልጁን ሸፍኚው» አሉ። ስለ ቤንዚኑ የተናገረ የለም። እኔም አልተናገርሁም። አጎቴ ራሱ ከሁለት ዓመት ወዲህ ወደ ማታ ራሱን እንደሚያመው፣ እርሱም ብርድ መስሎት በጤና አዳምና በዳማ ከሴ ሲታከም እንደ ኖረ የነገረኝ ላሊበላ ከደረስን በኋላ ነው።

በማግሥቱ ከጓደኛዬ ጋር መኪናውን በግቢ ውስጥ አቁመን ሁለት ቀን ሙሉ መረመርን። የተማርሁትን ከመናገሬ በፊት ግን ዳገቱ በነገሩ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ መግለጽ ይገባኛል።

አየር ክብደት አለው። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 1013 ሚሊባር ያኽል ነው። 1500 ሜትር ግድም ከፍታ ባላት በቆቦ ወደ 850 ይወርዳል፤ 2500 ሜትር ግድም ላይ በተቀመጠችው በላሊበላ 750 ይሆናል፤ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋው በጋሸና ደጋ ደግሞ ከ700 ብዙ አይበልጥም። ግፊቱ ሲቀንስ ፈሳሽ ነገር ቶሎ ይተናል። ላሊበላ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ግድም ነው፤ የላስታ እናቶች ባቄላ ሲቀቅሉ እንጨቱ የሚያልቅባቸው ስለዚህ ነው። ቤንዚን ደግሞ ከውሃ ይልቅ ፈጥኖ የሚተን ነው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ግድም በሆነ ብርድ እንኳ ትነቱ በእሳት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። እንግዲህ በቆቦ ሙቀት የተሞላና የታሸገ ሰልባትዮ ወደ ጋሸና ሲወጣ፣ በውስጡ የቀረው የቆላ አየር ከውጭው በ150 ሚሊባር ይበልጣል ማለት ነው። ይህም በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 150 ግራም ያኽል ይገፋል፤ ክዳኑ 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሦስት ኪሎ የሚያኽል ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ይጫነዋል። የቤንዚኑ የራሱ ትነት ገና አልተጨመረበትም። ይህ ሁሉ ትነት አንድ መውጫ ይፈልጋል፤ ጥያቄው በየት በኩል ይውጣ ነው።

በጥንቱ አሠራር መልሱ ቀላል ነበር፤ በክዳኑ ቀዳዳ ወደ ሜዳ ይወጣል። ነገሩ ነውር መሆኑ የታወቀው በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጀመሪያ ሃገን ስሚት የሚባል የሆላንድ ተወላጅ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ የከተማውን ሰው ዓይን የሚያቃጥለው ጭጋግ ከአውቶሞቢል የሚወጣው ጢስና ያልተቃጠለ የቤንዚን ትነት ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር መሆኑን አስረዳ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ፣ በ1971 በመላው አሜሪካ አዲስ የሚሸጡ አውቶሞቢሎች ትነታቸውን የሚይዝ መሣሪያ እንዲኖራቸው ተደረገ።

መሣሪያው ሲታይ የሚያስቅ ነው፤ ከሰል የተሞላ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ነው። ከሰሉ ግን ለቡና የምናቀጣጥለው ዓይነት አይደለም፤ በልዩ ዘዴ ቀዳዳው እንዲበዛ የተደረገ ስለ ሆነ፣ የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ ከ500 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ሞቶሩ ሲቆም ከሰልባትዮው የሚነሣው ትነት በቱቦ ወደ ከሰሉ ይገባና በቀዳዳዎቹ ይያዛል። ሞቶሩ ተነሥቶ ሲሞቅ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ትከፈታለች፤ ሞቶሩም በከሰሉ ውስጥ ንጹሕ አየር እየሳበ የተጠራቀመውን ትነት ወስዶ ያቃጥለዋል። ጎተራ ማለት ነው፤ በመኸር ይቀበላል፣ በክረምት ያወጣል። አየሩም ይጠበቃል፣ በገንዘብ የተገዛው ቤንዚንም አይባክንም።

አሁን ወደ አጎቴ መኪና እንመለስ። ከወለሉ ሥር ተንጋለን ስናይ የከሰሉ ዕቃ የለም። ከሰልባትዮው የሚመጣው ቱቦ በቢላዋ ተቈርጦ አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሏል፤ በላዩም ወለሉ ዝጎ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። አጎቴን ብጠይቀው እንዲህ ሲል ነገረኝ፦ «ቤንዚን ሞልቼ ስነሣ ሞቶሩ እየታፈነ ይጠፋብኝ ነበር። አንድ ጋራዥ ወስጄው መካኒኩ ‹ጋሼ፣ ይቺ ዕቃ ለፈረንጅ አገር ሕግ ተብላ የተሠራች ናት፤ እዚህ አትጠቅምም› ብሎ ነቀላት። ከዚያ ወዲህ መታፈኑ ቀረ።»

መካኒኩ አልዋሸም፤ መታፈኑ በእርግጥ ቀርቷል። ነገር ግን በሽታውን ትቶ ብልቱን ቈረጠ። ከሰሉ የተሠራው ትነት እንዲይዝ እንጂ ፈሳሽ እንዲጠጣ አይደለም። ቧንቧው በራሱ ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ መኪና እየተወዛወዘ ቢሞላ፣ ፈሳሹ ቤንዚን በትነቱ ቱቦ ገብቶ ከሰሉን ያሰጥመዋል። የሰጠመ ከሰል ሞቶሩ ሲስበው ትነት ሳይሆን ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ ሞቶሩም በቤንዚን ብዛት ይታፈናል። ስለዚህ ጥፋቱ የተሠራው በማደያው በር ላይ ነበር። በሰልፍ ብዛትና በነዳጅ እጥረት ምክንያት «ጠብታ አትቅር» የምንል ሁሉ የራሳችንን ዕቃ እያሰጠምን ነው።

የምርመራው ዘዴ አፍንጫ፣ እጅና ዓይን ላለው ሰው ሁሉ ይቻላል። ሥራው ግን ሞቶሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ይሁን። ክብሪት፣ ሲጋራ፣ ኩራዝ፣ የከሰል ምድጃ በአጠገቡ አይኑር። ቱቦ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በላይተር የሚሞክር ሰው አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ቤተ ዘመዶቹ ይምከሩት።

መጀመሪያ ክዳኑ ነው። ጎማ ቀለበቱ ያልተሰነጠቀ፣ ሲጠብቅ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ ለዚያው መኪና የተሠራ መሆን አለበት። በእኛ መኪና ክዳኑ በማደያ ተረስቶ ስለ ጠፋ በምትኩ ጨርቅ በፌስታል ተጠቅልሎ ተወትፎበት ነበር። በውታፉ ትነት ይወጣል፤ በክረምትም ዝናብና ጭቃ ይገባል። ደህና ክዳን ከጉዞ በኋላ ሲከፈት ትንሽ እስ የሚል ድምፅ ቢሰማ የሚያስፈራ አይደለም። በኃይል ከተነፈሰ፣ ወይም ወደ ውስጥ ከሳበ ግን፣ የመተንፈሻው መንገድ በአንድ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው፤ በላስታ መንገድ አቧራ ይህ የተለመደ ነው።

ከዚያ ቱቦዎቹን ከሰልባትዮው ጀምሮ እስከ ከሰሉ፣ ከከሰሉም እስከ ሞቶሩ ድረስ በእጅ እየዳሰሱ መከተል ነው። ያረጀ ጎማ ሲታጠፍ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቢቀባበት የሚያፈስ ከሆነ ያኩረፈርፋል። የከሰሉን ዕቃ አውጥቶ መመዘን ይገባል፤ ከባድ ከሆነና ሲነቀነቅ ፈሳሽ የሚንቦጫቦጭ ከሆነ ሰጥሟል። በቱቦው ውስጥ ጥቁር ዱቄት ከተገኘ ውስጡ ተሰብሮ ከሰሉ ወደ ሞቶሩ እየሄደ ነው። በከሰሉና በሞቶሩ መካከል ያለችው ቫልቭ ደግሞ በኤሌክትሪክ የምትከፈት ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ በሌላት ጊዜ ዝግ መሆን አለባት፤ ነቅለው ንጹሕ ቱቦ ሰክተው ቢነፉባት ትንፋሽ ካሳለፈች ተበላሽታለች። ይነፋል እንጂ አይሳብም፤ የቤንዚን ትነት የዋጠ ሳንባ መድኃኒቱ ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ የተሸጡ አውቶሞቢሎች ይህን ሁሉ የሚቈጣጠር ኮምፒዩተር አላቸው፤ ከሌላ አገር የሚመጡትም ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ተከትለዋል። ስሕተት ሲገኝ የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል፤ በስልክ የሚነበብ ትንሽ መሣሪያ ቢሰካ ቍጥር ይሰጣል። ፒ 0455 ማለት ትልቅ የትነት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ክዳን ያልተገጠመ ሆኖ ይገኛል። ፒ 0420 ደግሞ ስለ ካታሊስቱ ነው። መብራቱ ቍልፍ ሲዞር በርቶ ሞቶር ሲነሣ መጥፋት አለበት፤ ጭራሹን ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን አውጥቶታል። በአጎቴ መኪና ግን አምፖሉ ደህና ነበር፤ በላዩ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፎበት ስለ ነበር ለሁለት ዓመት የታየ አልነበረም።

ወደ ሞቶሩ ስንመጣ፣ ከፒስተኑ አልፎ ወደ ዘይቱ ክፍል የሚገባውን ጋዝ መልሶ ወደ ሞቶሩ የሚያስገባ ሌላ ትንሽ ቫልቭ አለ። ሞቶሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የዘይት መሙያው ክዳን ተነሥቶ በምትኩ አንድ ወረቀት ቢደረግ፣ ወረቀቱ ወደ ታች ከተሳበ ሥራው ደህና ነው፤ ወደ ላይ ከተወረወረ ቫልቩ ተደፍኗል ወይም የፒስተኑ ቀለበት አርጅቷል።

የጢሱ መንገድ ሌላ ነው፤ ለእኛም ከትነቱ የባሰ አስደነገጠን። ጓደኛዬ ሞቶሩ ገና ሳይሞቅ የጢስ መውጫውን በወፍራም ጨርቅ ለአንድ አፍታ ሲያፍነው ከማርሚታው በፊት ካለው መገጣጠሚያ ጩኸት ተሰማ። በመገጣጠሚያው ዙሪያ እንደ ምጣድ ጥላሸት ያለ ጥቁር ምልክት ነበረ። ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። በደም ውስጥ ከኦክሲጅን ይልቅ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። በ3000 ሜትር ከፍታ ደማችን ቀድሞውንም ኦክሲጅን የጐደለው ስለ ሆነ ትንሹ መርዝ እንደ ብዙ ይሆናል። ሚኒባስ ደግሞ ጀርባው እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ በመሆኑ ሲሮጥ የራሱን ጢስ ከኋላ ይስባል፤ የኋላ በሩ ጎማ ከተቀደደ ጢሱ ከተሳፋሪው ጋር ይሳፈራል። የእኛ በር ጎማ ተቀድዷል። ሕፃኑን የጐዳው ትነቱ ይሁን ጢሱ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ሁለቱም ነበሩ።

ካታሊስቱም በቦታው አልነበረም፤ በምትኩ አንድ ቀጥ ያለ ብረት ተበይዷል። ካታሊስት ማለት በማር እንጀራ አምሳል የተሠራ ሸክላ ሲሆን በላዩ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ብረቶች በስሱ ተቀብተውበታል። 300 ዲግሪ ግድም ሲሞቅ መርዘኛውን ጋዝ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ውሃና ወደ ናይትሮጅን ይለውጣል። ውድ በመሆኑም ከመኪና እየተፈታ ይሸጣል፤ ባለቤቱ አንዳንድ ጊዜ አያውቅም። አጎቴ መኪናውን ሲገዛ ይኑረው አይኑረው አልመረመረም። ዱሮ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ካታሊስቱን ይመርዘው ስለ ነበር መኖሩ ትርጉም አልነበረውም፤ ነገር ግን እርሳስ ያለው ቤንዚን በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ቀርቷል፤ በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አልጀሪያም በ2021 አቁማለች። ስለዚህ «በእኛ ቤንዚን አይሠራም» የሚለው ምክንያት ዛሬ አያስኬድም።

የጢሱን ቀለም ማየትም ይጠቅማል፤ ግን በላስታ ጠዋት ነጭ ጢስ አይቶ መደንገጥ አይገባም፤ ያ በብርዱ የጤዛ ያኽል የረጋ ውሃ ነው፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል። ለጥቁሩ የአየር ፊልትሮ በአቧራ መደፈን አንድ ምክንያት ነው፤ በካርቡራተር ለሚሠሩት አሮጌ ላንድክሩዘሮች ግን ዳገቱ ራሱ ምክንያት ይሆናል። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ላሊበላ ላይ ቤንዚን ያበዛል። ኮምፒዩተር ያላቸው መኪኖች ግፊቱን ለክተው ራሳቸው ይቀንሳሉ። ስለ ናፍጣ መኪና አላወራሁም፤ ናፍጣ እንደ ቤንዚን ስለማይተን የከሰል ዕቃ አያስፈልገውም፤ ጢሱ ግን የራሱ ጽሑፍ ይገባዋል።

ስለ ሰው ጤና ብቻ የምጽፍ መስሎኝ ነበር፤ በበዓሉ ዋዜማ ማታ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከየአገሩ የመጣው ምእመን በየዳገቱ ሰፍሮ ነበር፤ አንዱ ንፍሮ ይቀቅላል፣ አንዱ ጧፍ አብርቶ ይጸልያል። ከእነርሱ ከፍ ብሎ ባለው ሜዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታቸው መኪኖች ተደርድረዋል። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት ጊዜ ይከብዳል፤ ወደ ሰማይ አይወጣም፣ እንደ ውሃ ወደ ቁልቁለት ይወርዳል። ከአየሩ ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል ያኽሉ ትነት ከሆነ ለእሳት ይበቃዋል። በዚያ ሌሊት ነፋስ ነበረ፤ ምንም አልሆነም። እኔ ግን በጨርቅ የተወተፈ ስንት ሰልባትዮ በዚያ ሜዳ እንዳለ ሳስብ ማኅሌቱን በልቤ አልሰማሁትም።

ሕጉ አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል፤ ቦሎ የምንለው ምልክት የሚለጠፈውም ስለዚሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አንዳንዶች «እንግዲህ ጉዳዩ አበቃ» ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ አላይም። አዲስ የማይገባ ከሆነ ያለው ይጠገናል፤ ሲያረጅ ከከተማ ወደ ገጠር ይሸጣል፤ መጨረሻ የሚደርሰውም እንደ ላስታ ባለ ዳገት ነው። ስለዚህ የመመርመር ዕውቀት በጋሸናና በላሊበላ ሹፌሮች ዘንድ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ያስፈልጋል።

አጎቴ መጀመሪያ አላመነኝም ነበር። «አንቱ ቀን ቀን እየነዱ ማታ ራስዎን ያምዎታል፤ ጾም ሲሆንና መኪናው ሲቆምስ?» ብዬ ጠየቅሁት። አሰበና «አያመኝም» አለ። በዚያው ሳምንት ወልድያ ወርዶ ክዳን ገዛ፤ ከተሰበረ መኪና የወጣ የከሰል ዕቃም አግኝቶ አስገጠመ፤ ወለሉን በቆርቆሮ አስደፈነ፤ የማርሚታውን መገጣጠሚያ አስበየደ። የበሩን ጎማ እኔና ጓደኛዬ ራሳችን ለጠፍነው፤ ጠማማ ነው፣ ግን ይዘጋል። ስንመለስ ከላሊበላ እስከ ወልድያ ፌስታል የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ረዳቱ ግን በልማድ አደለ። ነዳጅ ስንሞላም ቧንቧው ቀጭ ሲል አጎቴ እጁን አንሥቶ «ይብቃ» አለ፤ ቀጂው ገርሞት አየው።

ካታሊስቱ አልተተካም። ዋጋውን ጠይቆ ዝም ብሎ ተመለሰ።